ከገና ሜዳ እስከ ከፍተኛ ሊግ፦ የምዕራብ ጎጃም የጨዋታ ወቅት በታሪክ ቅኝት

የጨዋታ ወቅት ታሪክ ከመሬት ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃም፣ ከደምበጫ ተነስቶ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ይዞ በሚዘልቀው ለም አገር፣ ሰው ለዘመናት የተጫወተው ምድሩ ሲፈቅድለት ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ እህሉ ሲሰበሰብ፣ በዓሉ ሲደርስ። ዛሬ በነዚሁ ከተሞች ያለ ወጣት “የውድድር ዘመን” ሲባል የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ መርሐ ግብር፣ ነጥብ፣ ምድብ፣ መውጣትና መውረድ። ይህ ቅኝት ከመጀመሪያው ሥርዓት ወደ ሁለተኛው የተደረገውን ጉዞ በአራት ዘመናት ከፍሎ ይከተላል፦ የገና ጨዋታ ዘመን፣ የትምህርት ቤቱ ኳስ ዘመን፣ የክፍለ ሀገር ዘመንና የሊጎች ዘመን። በአራቱም ውስጥ የሚያልፈው ክር አንድ ነው። አገር አቀፉ ጨዋታ ገጠሩንና ትንንሾቹን ከተሞች የሚያገኛቸው ከአናቱ ሥር ባለው እርከን ነው፤ የአናቱም ዕጣ የሚወሰነው በዚያው ነው።

የመጀመሪያው ዘመን የገና ነው። ገና በዱላና በሩር የሚካሄድ የሁለት ወገን ፍልሚያ ሲሆን፣ ዓለም በሆኪ ስም ከሚያውቃቸው ጨዋታዎች ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዱላው ጫፉ የቆለመመ ነው፤ ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች ወይም ከቆዳ ትሰፋለች። ተጫዋቾቹ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር፣ ወይም ደብርና ደብር ሆነው ሚናቸውን ይለያሉ። ቁጥራቸው አይገደብም፤ የመጣ ይሰለፋል። ሩሯን እየለጉ የተጋጣሚን ወሰን ማሳለፍ ድል ነው፤ ወሰኑም አንዳንዴ ወንዝ፣ አንዳንዴ ዛፍ ወይም የማሳ ድንበር ነው። ዳኛ የለም፤ ክርክር ቢነሳ ሽማግሌ ይፈርዳል። የቅልጥም ቁስልና የጥርስ ስብራት የጨዋታው ዋጋ ሆነው ይቆጠራሉ እንጂ የደም ክስ አያስነሱም።

የዚህ ጨዋታ ወቅት በሁለት የቀን መቁጠሪያዎች መገናኛ ላይ ይውላል። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ይከበራል፣ ትውፊቱም እረኞች የልደቱን የምሥራች ሰምተው በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ይላል። ሁለተኛው የአራሹ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፉ ታጭዶ ሲከመር ሜዳው ይለቀቃል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ የወጣቱም ጉልበት ከእርሻ ያርፋል። ስለዚህ የገና ወቅት አጭር ነው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ይጀምራል፣ በበዓሉ ዕለት ይደምቃል፣ ጥምቀት ሲደርስ ስፍራውን ለፈረስ ጉግስ ይለቃል። ሠንጠረዥ አልነበረውም፤ ውጤት የሚመዘገበው በአሸናፊው ወገን የስድብ ግጥም ነበር፤ ተሸናፊውም እስከ መጪው ዓመት ተሸክሞት ይከርማል።

ማኅበራዊ ትርጉሙም ከዚሁ ይመነጫል። በገና ሜዳ ጌታና ሎሌ፣ ባለ ርስትና ጭሰኛ በአንድ ሩር ላይ ዱላ ያነሳሉ፤ በዕለቱ በተሰነዘረ ምትም ሆነ በተገጠመ ስድብ ጌታ መቆጣት የለበትም የሚለው ደንብ በመላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የታወቀ ነው። በማዕረግ ለተደረደረ ኅብረተሰብ ይህ ቀላል ፈቃድ አልነበረም። ለማጠቃለል፣ የመጀመሪያው ዘመን ወቅት ነበረው፣ ተቀናቃኝ ነበረው፣ ታዳሚ ነበረው። ያልነበረው አንዱን ሜዳ ከሌላው ሜዳ ጋር የሚያያይዝ ሥርዓት ነበር፤ የቡሬ አሸናፊ ከቋሪት ወይም ከወምበርማ አሸናፊ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልተበጀለትም።

ሁለተኛው ዘመን የመጣው በከተማ፣ በጦርነትና በትምህርት ቤት በኩል ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአዲስ አበባ የተመሠረተው የጣሊያን ወረራ በተጀመረበት በ1928 ዓ.ም. ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ጎጃም የአርበኞች ምድር ሆነ። ቡሬ የጣሊያን ጦር የመሸገባት ከተማ ነበረች፤ በየካቲት 1933 መጨረሻ ጠላት ለቋት ወጣ፣ በመጋቢትም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከነጻነት በኋላ ኳሱ በፍጥነት ሥርዓት ያዘ። እግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ተቋቋመ፤ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና የአዲስ አበባን ኢትዮጵያውያን፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድኖችን አገናኘ። ስያሜው አገር አቀፍ ቢመስልም ሜዳው የመዲናይቱ ብቻ ነበር።

ኳሱን ወደ ጎጃም ያደረሰው መምህሩ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአውራጃና በወረዳ ከተሞች ሲከፈቱ የስፖርት ክፍለ ጊዜ አብሮ ገባ፤ በደብረ ማርቆስ የተማሩ ልጆች ኳሱን ይዘው ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። ሠልፍ፣ ፊሽካና የተሠመረ ሜዳ የገናን ገደብ የለሽ ሜዳ መተካት ጀመሩ። ይህም በተጫዋቹ ማንነት ላይ ለውጥ አመጣ። በገና ሜዳ ገበሬው ዋና ተዋናይ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ግን ዋናው ተዋናይ ተማሪው ሆነ፣ ገበሬውም ከዳር የሚመለከት።

በአናቱ ላይ ግን ዘመኑ የክብር ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ሆነች፤ በጥር 1954 በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በይድነቃቸው ተሰማ እየተመራ፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ብሔራዊ ቡድኑ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታ። ዝናው በሬዲዮ እስከ ገጠር ገበያ ደረሰ። ነገር ግን ያ ቡድን በመሠረቱ የአዲስ አበባ፣ የአሥመራና የድሬዳዋ ፍሬ ነበር፤ የባቡርና የፋብሪካ ከተሞች ያፈሩት። የጎጃም ድርሻ የደጋፊነት ነበር። የሁለተኛው ዘመን ድምር ይህ ነው፦ አገሩ ሁሉ የሚወደው ጨዋታ፣ ጥቂት ከተሞች ብቻ የሚጫወቱት ውድድር።

ሦስተኛው ዘመን በ1966 አብዮት ይከፈታል። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲያፈርስ፣ የገና ሜዳ ለአንድ ቀን የሚፈቅደው እኩልነት በሕግ ተጻፈ። በከተማ ቀበሌ፣ በገጠር የገበሬ ማኅበር ተደራጀ፤ ስፖርትም የብዙኃን ንቅናቄ አካል ተደርጎ ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር በሚወጣ መስመር ተዘረጋ። የጎጃም ክፍለ ሀገር መዲና ደብረ ማርቆስ ነበረች፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ወደ ላይ የሚመለከቱት ወደ እሷ ነበር። በሌላ በኩል ግን በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለላት ባሕር ዳር፣ ደመወዝተኛ ሠራተኛና የተደራጀ ቡድን የምታፈራ ከተማ እየሆነች ነበር። የጎጃም ስፖርት ስበት ከደቡብ ወደ ሰሜን ቀስ እያለ መዞር የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው።

አገሪቱ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ አዘጋጀች፤ በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ አነሣች። ዘመኑ ግን የጦርነትና የድርቅ ዘመንም ነበር። ለሜዳ የደረሰ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርናም የደረሰ ነበርና ብዙ የወረዳ ቡድን ተጫዋቾቹን ለግንባር ገብሯል። ያም ሆኖ ይህ ዘመን ለተከታዩ ሁለት ነገሮች አወረሰ፦ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ የውድድር መስመርን ሐሳብና፣ ስፖርት የአስተዳደር በጀት ጉዳይ ነው የሚለውን ልማድ። ሁለተኛው ውርስ እስከ ዛሬ ድረስ በረከትም መከራም ሆኖ ቀጥሏል።

አራተኛው፣ የሊጎች ዘመን፣ በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር ይገባል። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ሙሉ ዓመት የሚዘልቅ የነጥብ ውድድር ሆነ፤ ከሥሩም እርከኖች ተደረደሩ። በመጀመሪያ ሁለተኛውን ስፍራ የያዘው ብሔራዊ ሊግ ነበር፤ በኋላ ከፍተኛ ሊግ በመካከል ገብቶ ሁለተኛው እርከን እሱ ሆነ። ከሥሩ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያም የክልል ክለቦች ሻምፒዮና ይከተላሉ። በሕጉ መሠረት ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የሚነሳ ቡድን ደረጃ በደረጃ አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ዘመን ያላበጀው መንገድ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ተበጀ።

የከፍተኛ ሊግ አንድ የውድድር ዘመን ምን ይመስላል? የደጋው ዝናብ ካባራ በኋላ በመኸር ይከፈታል፣ የበልጉን ወራት አልፎ ክረምቱ ሳይገባ ይዘጋል። ክለቦቹ በምድብ ይከፈላሉ፤ ምድቦቹ እንደየዓመቱ ደንብ ሁለት ወይም ሦስት ሆነዋል፣ የምድብ አንደኝነትም ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚያስገባ ዋናው በር ነው። የተፋላሚዎቹ ስብጥር ልዩ ነው። በአንድ ምድብ የባንክ፣ የመድን ወይም የመከላከያ ክለብ ከከተማ አስተዳደር ክለብ ጋር ይሰለፋል። አንዱ ደመወዝ በወሩ ይከፍላል፣ ሌላው የምክር ቤት ማጽደቅ ይጠብቃል። ተጫዋቹም ሁለት ዓይነት ነው፦ ከላይ የወረደ ነባርና ከወረዳ የመጣ ጀማሪ። ስለዚህ በአንድ ወቅት ውስጥ የአገሪቱ የገንዘብ፣ የመንገድና የአስተዳደር ልዩነት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ይታያል።

የዚህ እርከን ክብደት ከመዝገቡ ይታያል። ጅማ አባ ጅፋርና መቐለ በ2009 ዓ.ም. አብረው ወደ ላይ ወጡ፤ ጅማ በመጣበት ዓመት፣ በ2010፣ ዋንጫውን ወሰደ፣ መቐለ 70 እንደርታ ደግሞ በ2011። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ተሰረዘ። በ2008 ያደገው ፋሲል ከነማ በ2013 ነገሠ። በ2014 እና በ2015 ዋንጫው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተመለሰ፤ በ2016 ግን ገና በቀደመው ዓመት ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አነሣው፣ በ2017ም በ2014 ያደገው ኢትዮጵያ መድን። ከ2010 እስከ 2017 ከተሸለሙት ሰባት ዋንጫዎች አምስቱን የወሰዱት በቅርብ ዓመታት ከሁለተኛው እርከን የወጡ ክለቦች ናቸው ማለት ነው። የአናቱን ታሪክ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከሥሩ ያለውን ሊግ ማንበብ ግድ ይለዋል።

መዝገቡ ሌላም ነገር ይነግራል። በ2015 ከንግድ ባንክ ጋር ያደጉት ሐምበሪቾና ሻሸመኔ ከተማ፣ ባንኩ ዋንጫ ባነሣበት በዚያው ዓመት ተመልሰው ወረዱ። ጅማ አባ ጅፋርም ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014፣ ከሊጉ ወጣ። ሦስቱም በሕዝብ ፍቅርና በአስተዳደር ድጋፍ የቆሙ ክለቦች ናቸው። መውጣቱን የሚያስገኘው የአንድ ወቅት ጥንካሬ ነው፤ ከላይ መቆየቱን የሚያስገኘው ግን የማይቋረጥ የገቢ ምንጭ ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ከዱላና ከሩር ቤተሰብ የሆነው የበረዶ ሆኪ በፊንላንድ ያለፈበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ2011፣ በ2019 እና በ2022 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ሁለተኛ እርከኗ ሜስቲስ የሚባለው ሊግ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመሠረተ፤ በዚያው ጊዜ የላይኛው ሊግ በሩን ዘጋ። ከ50 ሺህ ብዙ የማይበልጥ ነዋሪ ያላት የሚኬሊ ከተማ ክለብ ዩኩሪት ሜስቲስን ደጋግሞ አሸንፎ እንኳ ወደ ላይኛው ሊግ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ስፖርት የተባለው የቫሳ ክለብና የኮውቮላው ኮኦኮኦ በ2014 እና በ2015 ቀድመውት ገብተዋል። እዚያ ድል ብቻ በሩን አልከፈተም፤ የአዳራሽና የሒሳብ ብቃትም ተመዝኗል። በኢትዮጵያ በሩ በየዓመቱ ለአሸናፊ ክፍት ነው፤ የገባው እንዲቆይ የሚያደርገው መሠረት ግን አልተጣለም። ሁለቱ ሥርዓቶች አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሳያሉ።

በአማራ ክልል የሊጎቹ ዘመን የከተሞችን ሚዛን ለውጧል። ጎንደር በዳሸን ቢራ፣ ቀጥሎም በፋሲል ከነማ፣ ሰሜን ወሎ በወልዲያ፣ ባሕር ዳር በ2010 ወደ ላይ በወጣው በባሕር ዳር ከተማ የፕሪሚየር ሊግ መድረክ አገኙ፤ ደሴ ከተማ፣ ወሎ ኮምቦልቻና አውስኮድ ከፍተኛ ሊጉን ያደመቁ ክለቦች ናቸው። ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የባሕር ዳር ስታዲየም ብሔራዊ ቡድኑን ሲያስተናግድ የቀድሞው ጎጃም የኳስ ማዕከል የት እንደሆነ አከራካሪ መሆኑ ቀረ። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የተደረደሩት ከተሞች ግን፣ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም፣ እስከ ዛሬ ለፕሪሚየር ሊጉ ክለብ አላበቁም።

ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ አይደለም። ፍኖተ ሰላም የዞን መዲና ናት፤ የጃቢ ጠህናን ወረዳና ዙሪያው በበቆሎና በጤፍ የታወቀ ነው። ቡሬ የበርበሬ ገበያዋ የተሰማ፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ስትሆን፣ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆባታል። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ለባሕር ዳር ያደረገውን፣ ደመወዝተኛ ሠራተኛና አደራጅ ድርጅት ማፍራትን፣ ፓርኩ ለቡሬ ሊያደርግ ይችላል ብሎ ማሰብ ከታሪኩ ጋር ይስማማል። የጎደለው ሀብትን፣ ሜዳንና ታዳጊን በአንድ ተቋም የሚያስተሳስር እጅ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰላም ጉዳይ አለ። የሊግ ወቅት ቡድን በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ሊጓዝበት የሚችል መንገድ ይሻል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን ነጥቋል፤ በነሐሴ 2015 በፍኖተ ሰላም በደረሰው የአየር ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ነጥብና ሠንጠረዥ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሦስተኛው ዘመን ልምድ እንዳሳየው ሜዳው ባዶ የሚቀረው ወጣቱ ሲባዝን ነው፤ የጨዋታ ወቅት መመለስም የኑሮ ወደ ቦታው መመለስ ምልክት ነው።

ገናስ? አልሞተም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን የገና ጨዋታን ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከሌሎች ጋር ደንብ ጽፎለት በየዓመቱ ክልሎችን ያወዳድርበታል። በዚህም የመጀመሪያው ዘመን ጨዋታ የአራተኛውን ዘመን ሥርዓት ለበሰ፤ የተጫዋች ቁጥር ተወሰነ፣ ሜዳ ተለካ፣ ዳኛ ቆመ። በገጠሩ ግን ከመከሩ በኋላ በተለቀቀው ማሳ ላይ ሩር የሚለጉ ልጆች ዛሬም አሉ፣ አጠገባቸውም የጨርቅ ኳስ የሚያባርሩ። ሁለቱ ወቅቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ።

አራቱን ዘመናት በአንድነት ስንመለከት እድገቱ ቀጥ ያለ አይደለም። ገና ወቅትን ሰጠ፣ ትምህርት ቤት ደንብን፣ የክፍለ ሀገሩ ዘመን መስመርን፣ ሊጉ ደግሞ መውጣትና መውረድን። የቀረው ጽናት ነው፤ ለእሱም የሚበጀው የታወቀ ነው። የከተማ አስተዳደሮች የዓመት በጀት ከመመደብ አልፈው ክለባቸውን በአባላትና በድርጅቶች መዋጮ ያቋቁሙ፤ የወረዳ ትምህርት ቤቶች ሜዳቸውን ለግንባታ አሳልፈው አይስጡ፤ የየወቅቱ ውጤት በየከተማው ተመዝግቦ ይቀመጥ። ከሰባት ዋንጫዎች አምስቱን ከሁለተኛው እርከን የወጡ ክለቦች በወሰዱበት አገር፣ ለዚህ እርከን የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ምጽዋት የሚቆጥር አስተዳደር ሒሳቡን አሳስቷል።